ባለጓዳዋን ጀልባ ፍለጋ ወደ ዓባይ በረሃ

ከባሕር ዳር የተነሣሁት በኅዳር መጀመሪያ፣ ሐሙስ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ጊዜው ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው ነበር። ጉዳዬም ያገለገለች ጀልባ አይቼ መግዛት ወይም መተው ነበር።

ጣና ላይ ሰው ሳመላልስ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። የምነዳት ጀልባ ክፍት ናት፤ ማዕበል ሲነሣ ተሳፋሪው ከእኔ እኩል ይርሳል። ፍኖተ ሰላም የሚኖሩ አቶ ደመቀ የተባሉ ነጋዴ ጣሪያና መኝታ ያላት ባለጓዳ የሞተር ጀልባ እንደሚሸጡ ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴ ጥሩዓለም “ከገዛሃት መጀመሪያ የምንሳፈረው እኔና ልጆቹ ነን” ብላ ሸኘችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ለእሷም ሆነ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ፤ ዋና አልችልም።

ፍኖተ ሰላም፣ ሐሙስ

በሚኒባስ ዳንግላን፣ እንጅባራንና ቡሬን አልፈን ረፋዱ ላይ ደረስን። ከመናኸሪያ በጋሪ ሄጄ አቶ ደመቀን ሱቃቸው አገኘኋቸው። ረጋ ያሉ፣ ንግግራቸውን የሚመጥኑ ሰው ናቸው። ጀልባዋን የገዟት ዓባይን ተሻግሮ ገበያ የሚሄደውን ሰው ለማመላለስ እንደነበር፣ ነጂው ሥራውን ጥሎ ሲሄድ ዳር ላይ እንደቆመች ነገሩኝ። አምና ቀለም ልከው ጠባቂዋ እንዳደሳት እንጂ እሳቸው ካዩዋት መቆየቱንም አልደበቁኝም። ሽሮ ጋበዙኝ፤ ግማሹን ተውኩት።

ከቡሬ ቁልቁል፣ ዓርብ

በማግስቱ ከአቶ ደመቀ ጋር ቡሬ ድረስ በአውቶቡስ ሄድን። እዚያ የበርበሬ ጆንያ ጭኖ ወደ ነቀምት የሚወርድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን። በርበሬው ሁላችንንም ያስነጥሰናል። ደጋው ሲያልቅ መንገዱ ገደል ለገደል ይጠማዘዛል፤ ፍሬኑ መሽተት ሲጀምር ሹፌሩ መስኮት ከፈተና ምንም እንዳልሆነ መንዳቱን ቀጠለ። ጆሮዬ ተደፈነ፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ዓባይ ከታች ታየኝ፤ ወንዙ ዳር ስንደርስ ወረድን።

ጠባቂው አያ ስመኝ ይባላሉ፤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ወንዙ ዳር የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ጀልባዋ ሾላ ሥር አረንጓዴ ቀለሟ እያበራ ቆማለች። ጓዳዋን ስከፍት እስከ መስኮቱ በቆሎ ሞልቶባታል። አያ ስመኝ ሳይደነግጡ፣ ቤት ባዶውን አይቀመጥም ብለው ጎረቤት ጠሩና አወጡት።

ሞተሩ ጥሩ ነበር። ከዚያ አካሏን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳሁ ዞርኩ። ጤነኛ ላሜራ ሲነኩት ይጮኻል። ከወገቧ በላይ ጮኸች፤ ከታች ሆዷ ላይ ግን ድምፁ ታፈነ። ደግሜ አንኳኳሁ፤ ያው ነው። ቀለሙን መፋቅ ነበረብኝ። ግን ስምንት ሰዎች ሥራ ፈትተው ሊገፉልን ቆመዋል፣ አቶ ደመቀም ሰዓታቸውን ያያሉ። ፈሪ መባልን ፈራሁ። ሬንጅ ተቀብታ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ረጅም ገመድ ሳይታሰርባት አልሳፈርም ያልኩትን ብቻ አጸናሁ፤ ሰዎቹም እየሳቁ አስረው ውሃው ላይ ገፏት።

ወንዙ ላይ

አያ ስመኝ አብረውኝ ወጡ፤ አቶ ደመቀ ገመዱ ጋ ቀሩ። መጀመሪያ ቀጥ ብላ ሄደች። ወንዙ መሐል ስንደርስ እግሬን ቀዘቀዘኝ። ጎንበስ ስል ቡናማ ውሃ ወለሉን ሸፍኗል፤ ላዩ ላይ ጭድ ይንሳፈፋል። ጭዱ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ጭዱማ የእኔ ነው” አሉ ኮራ ብለው። “ሆዷን ዝገት በልቶት አይጡ በቆሎዬን ጨረሰውሳ። እንደ ጎተራ በእበትና በጭቃ ለቀለቅኋት። ቀለሙ ሲመጣ በላዩ ቀባሁት።”

ወደ ዳር ላዞራት ስል ውሃው ሞተሩን አንቆ አጠፋው። ወንዙ በጎኗ ይዞን መውረድ ጀመረ። ከታች አሸዋው ላይ ሁለት አዞዎች ተኝተዋል።

“አያ ስመኝ፣ እኔ ዋና አልችልም” አልኳቸው። ይህን የሰማ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። “እኔስ እችላለሁ? አንተ ባለጀልባ ነህ ብዬ እኮ ነው የወጣሁት።”

እሳቸው በባርኔጣቸው፣ እኔ በጣሳ ውሃ እየቀዳን ስናፈስ ገመዱ ተወጠረ። ዳር ያሉት ሰዎች አሁን አይስቁም፤ እየተጯጯሁ ይስባሉ። ውሃው ጉልበታችን ላይ ሲደርስ ሆዷ ድንጋይ ነካ። እየተደናበርን ወጣን። አቶ ደመቀ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ሽያጩን ትተው ጋቢያቸውን አለበሱኝ።

ስሰናበት አያ ስመኝ እጄን ያዙ። “እኔ የማውቅ ጎተራ ነው፣ ልጄ። አንተ ግን አንኳኩተህ ነበር። ምን አለችህ?”

ጋቢውን ለአቶ ደመቀ መልሼ ወደ መንገዱ ወጣሁ።

ባሕር ዳር

ቅዳሜ ማታ ቤቴ ገባሁ። ለጥሩዓለም ሁሉንም ነገርኳት፤ ዋና አለመቻሌንም። “እንግዲያው ነገ እኔና ልጆቹ አብረንህ ነን” አለች።

እሑድ ጠዋት የደሴት ገዳም ሊሳለሙ የሚሄዱ አሥራ አራት ሰዎች ክፍቷ ጀልባዬ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ጥሩዓለምና ሁለቱ ልጆቼም ከፊት ነበሩ። ሞተሩን ከማስነሣቴ በፊት የላሜራ ወለሏን በመዶሻ እጀታ አንኳኳሁ። ከፊት ጮኸ፣ መሐሉም ጮኸ። ከኋላ በስተግራ ድምፁ ታፈነ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ካቻምና ክረምት ቀዳዳ አግኝቼ ለጊዜው ብዬ ሬንጅ የጠቀጠቅሁበት ቦታ ነው። በቢላ ፋቅ አደረግሁት። ጣቴ ገባ፤ ከታች ውሃው ቀዘቀዘኝ።

ቀና ስል ጥሩዓለም እጄን እያየች ነው።

“ውረዱ” አልኳቸው። “ዛሬ አንሄድም።”