የወጥ ቤት አረብኛዬና የጉናው ሶላር

ከአረብ አገር ተመልሼ ደብረ ታቦር በአክስቴ ሱቅ ስሠራ፣ አንድ ቀን የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሾፌር መጣና አረብኛ እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ጉና ሥር፣ ወላጆቼ በሚኖሩበት ቀበሌ፣ ለጤና ኬላው ሶላር ሊተከል ነው። ገንዘቡን አንድ የአውሮፓ አገር ሰጥቷል፣ የሶላሩ ሰሌዳዎች ከቻይና ተጭነው መጥተዋል፣ የሚተክለው መሐንዲስ ደግሞ የቱኒዚያ ሰው ነው። እንግሊዝኛው ትንሽ ስለሆነ ከእኛ ሰዎች ጋር መግባባት አልቻለም።

እችላለሁ አልሁ። የማውቀው ግን የወጥ ቤት አረብኛ ነው፦ ጥረጊ፣ አምጪ፣ ልጁን አስተኚው። የእሱ አረብኛ ደግሞ ከለመድሁት ጋር የቆላና የደጋ ያህል ይራራቃል። መንገድ ላይ ስለ ባትሪው ሲያስረዳኝ ጭንቅ ያዘኝ። በኋላ ግን የራሴን ዘዴ አገኘሁ። ኤሌክትሪኩን ውሃ፣ ባትሪውን ጋን አደረግሁት፤ ቀን ይሞላል፣ ማታ ይቀዳል። መሐንዲሱ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እሱም "ጋኑ" ይል ጀመር።

ያረፈው እኛ ቤት ነው። አባቴ የደብሩ ቄስ ናቸው። ወቅቱ ለእኛ ዐቢይ ጾም፣ ለእሱ ረመዳን ነበር። በዚያ ብርድ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ጣሪያ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ያየችው እናቴ አንጀቷ አልቻለም፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የድንች ቅቅሉንና ሽሮውን አዘጋጅታ ትጠብቀዋለች። አባቴ ቅዳሴ ወጥተው መቅመስ ሲችሉ እንግዳ ብቻውን ማዕድ አይቀርብም ብለው እሱ እስኪያፈጥር ይታገሡ ነበር። በዚህ የተነሣ እኔም ይርበኝ ነበር።

ችግሩ የመጣው ሰሌዳዎቹን ሊያስሩ ሲሉ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጥዶች የጤና ኬላውን ጣሪያ እስከ ቀትር ያጠሉበታል። መሐንዲሱ፣ "ሁለት ጥዶች ቢቆረጡ ይበቃል፤ ለአባትሽና ለቀበሌው ሽማግሌዎች ንገሪያቸው" አለኝ። በሰው አገር የታዘዝሁትን እሠራ ነበር እንጂ የእኔን ቃል የሚጠብቅ አልነበረም፤ እዚህ ግን ሁሉም አፌን ያያል። ሳልጨምር ሳልቀንስ እንዳለው ተናገርሁ።

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። አባቴ ግን፣ "የደብር ጥድ አይቆረጥም። ጥላ የማይደርስበት ቦታ ከሆነ የሚፈልገው፣ የእኛ የድንች ማሳ አለ። እዚያ ይትከለው" አሉ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ማሳው ዞር ብላ አየች።

መሐንዲሱ ይህን ስነግረው ግራ ተጋባ። "መሬታቸውን ለምን ይሰጣሉ?" አለኝ።

አባቴ መልሰው፣ "እሱስ ከዚያ ድረስ ለምን መጣ?" ብለው አስጠየቁኝ።

እሱም ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ስለ አባቱ የወይራ ዛፎች ነገረን። ዝናቡ እየራቀ ሄዶ፣ ከአያቱ የተረከቧቸው ዛፎች ቆመው ደርቀዋል። አባቱ አሁንም ጧት ጧት እየሄዱ ያዩአቸዋል። "ሰማዩ አንድ ነው በያቸው" አለኝ። "የእኛን ዝናብ ያራቅነው እኛ ብቻ አይደለንም። የምንመልሰውም ብቻችንን አይደለም።"

አባቴም ያለ ጊዜው በወደቀ ውርጭ ስለተቃጠለው ገብሳቸው፣ መግቢያውም መውጫውም ስለጠፋው ክረምት አወሩለት። እስኪመሽ ስለ ዝናብ ሲያወሩ እኔ መሐል ተቀምጬ ነበር። ለ"ውርጭ" የሚሆን አረብኛ ስላጣሁ፣ "ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር፣ እሱ ከሰማይ ይወርዳል" ብዬ ተረጎምሁት። ገባው።

ለማሳው ግን የመጣው ሽቦ አጠረ። ተጨማሪው ከአዲስ አበባ እስኪደርስ መሐንዲሱ የመመለሻ ጉዞውን አዘገየ፤ የቀበሌው ሰው በዶማና በአካፋ የሽቦውን ቦይ ቆፈረ። ሥራው ባለቀ ቀን የክትባቱ ፍሪጅ ሥራ ሲጀምር የጤና ኬላው አዋላጅ ነርስ ጆሮዋን የፍሪጁ በር ላይ ለጥፋ አዳመጠችውና ዓይኗን ጠረገች። እስከዚያ ድረስ እናቶች ለክትባት ልጆቻቸውን አዝለው ብዙ መንገድ ይወርዱ ነበር፤ ነርሷም ወላዶችን የምታዋልደው በእጅ ባትሪ ነበር።

መሐንዲሱ ከመሄዱ በፊት ሰሌዳዎቹን እንዴት እንደምወለውል፣ የባትሪው መብራት ቀለሙን ሲለውጥ ምን ማለት እንደሆነ አስተማረኝ። እዚያ አብራኝ የሠራች ጓደኛዬ ወደ አረብ አገር እንመለስ ብላ ስትደውል እኔ ወረዳው ቀጥሮኝ ሶላሩን የምጠብቅ ሠራተኛ ሆኜ ነበር። አልሄድም አልኋት።

መሐንዲሱ አሁንም ይደውላል። ባለፈው ሰሌዳዎቹን ወልውዬ ወደ ቤት ስገባ አባቴ ስልኬን በሁለት እጃቸው ይዘው ስለ ዘንድሮው ገብስ በአማርኛ ሲያወሩ ደረስሁ። ከወዲያ ማዶ ሰውዬው በአረብኛ ይመልስላቸዋል። ልተርጉም ብዬ ጠጋ ስል አባቴ አንድ እጃቸውን ከስልኩ አንሥተው ቆዪ አሉኝና ወሬያቸውን ቀጠሉ።