ኪንግ የማይጥሉት ዶክተር፦ ሬኖ ደርሶ መልስ

ከንጋቱ 11፡20፣ ሳን ሆዜ

አበራ ደጄ ላይ መኪናውን አቁሞ ጥሩምባ ይነፋል። ቅዳሜ ነው፣ ወፎቹ ገና አፋቸውን እየፈቱ ነው፣ እሱ ግን ሙሽራ እንደሚያጅብ ሰው ያስጮኸዋል። ጎረቤቶቼ ፖሊስ ሳይጠሩብን ብዬ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ።

አበራ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር። እኔ ጽጌ እባላለሁ፤ ፓሎ አልቶ አንድ ሆስፒታል ኩሽና ውስጥ የበሽተኛ ትሬይ አዘጋጃለሁ፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ባሌ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆነው። ዛሬ ኦፍ ጠይቄ ሬኖ ቪዲዮ ፖከር ልጫወት እየሄድኩ ነው። ይህ ለሥራ ባልደረቦቼ የተነገረው ነው።

ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ዶክተር ይልማ ስልክ ደወሉልኝ። በቤተ ክርስቲያን ነው የምንተዋወቀው፣ እሳቸውም ሚስታቸው ሞተውባቸዋል። ስለ ጤና ጠየቁኝ፣ ስለ አየሩ አወሩኝ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ወይዘሮ ጽጌ፣ ቢያገቡኝ ምን ይመስልዎታል?» አሉኝ። እርስዎ እያሉ ጋብቻ! እኔም በድንጋጤ «አስቤበት እነግርዎታለሁ» አልኳቸው፤ ኢንሹራንስ ሊሸጡልኝ የደወሉ ይመስል። የመልሱ ቀን ዛሬ ነው። ማታ ኦክላንድ ቤታቸው በር ላይ ሲወርዱ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለብኝ።

የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሟቹ ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደግ ሰው ነበር። ግን በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር አንድ ቀን «ልክ ነሽ» ብሎኝ አያውቅም። መንገድ ሲጠፋብን እንኳ የተሳሳተው መንገዱ ነበር። አሁን በስተርጅና ሌላ ግትር ላገባ? እንዴት ተደርጎ! ሰው ደግሞ ጠባዩ የሚታወቀው ሲጫወት ነው። ስለዚህ አበራን «ሬኖ ውሰደን» አልኩት።

ጠዋት 12፡30፣ ኦክላንድ

ዶክተር ከሚኖሩበት ሕንፃ ፊት ለፊት ቆመው ይጠብቁናል። ክራቫት አስረዋል። ሰዎች፣ ለካዚኖ ክራቫት! ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ኮሌጅ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ፣ መልከ መልካም ሽማግሌ ናቸው። መልከ መልካም ያልኩት እኔ ነኝ፤ አበራ «ደህና ናቸው» ነው የሚለው።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ጽጌ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ፣ ዶክተር?»

«ኧረ በማርያም!» አለ አበራ። «ፍርድ ቤት ነው እንዴ የምወስዳችሁ?»

እሳቸው ፊት፣ እኔ ኋላ ተቀመጥን። በርክሌይን አልፈን፣ የካርኪኔዝ ድልድይ ስምንት ዶላሩን ዋጥ አድርጎ አሳለፈን። እኔ ከላይብረሪ ያተምኩትን ወረቀት አወጣሁ። ቪዲዮ ፖከር ማለት እንዲህ ነው፦ ማሽኑ አምስት ካርታ ይሰጣችኋል፣ የወደዳችሁትን ትይዛላችሁ፣ የቀረውን ትጥላላችሁ፣ በጣላችሁት ምትክ ሌላ ይመጣል። ሁለት ጃክ ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ጥንድ ካገኛችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ይጨምራል። ወረቀቱ የቱን መያዝ፣ የቱን መጣል እንደሚሻል በተርታ የሚያሳይ ነው። ከሠላሳ መስመር በላይ አለው፣ ፊደሉ ደግሞ ጉንዳን ያክላል።

ዶክተር ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ፣ አዩት፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ይህን የሚሸመድድ ሰው እንጀራው ካዚኖ ውስጥ የሆነ ነው» አሉ። «እርስዎና እኔ በዓመት አንዴ ብንጫወት ነው። አምስት መስመር ይበቃናል። የሚቀርብን ጥቂት ነው፤ ጨዋታው ግን ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።»

እሳቸው ሲነግሩኝ እኔ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። የሚከፍል ነገር ከመጣ ያዝ። ካልመጣና አራቱ አንድ ዓይነት ምልክት ካላቸው አምስተኛውን ጣልና ሞክር። እሱም ከሌለ ጥንድ ያዝ፣ ትንሽም ቢሆን። ጥንድ ከሌለ ትልልቆቹን ያዝ። ምንም ከሌለ ሁሉንም ጣል። «ይያዙ፣ ይጣሉ» ነበር ያሉኝ፤ ለራሴ ደብተር እርስዎ ብዬ አልጽፍም ብዬ ነው።

«ትንሽ ጥንድና አንድ ኪንግ አብረው ቢመጡስ?» አልኳቸው።

«ንጉሡ ይጣላል። ትንሽ ጥንድ ከብቸኛ ንጉሥ ይሻላል። ሒሳቡ ግልጽ ነው።»

አበራ መሪውን በጥፊ መታው። «ሰማሽ ጽግዬ? ትንሽ ጥንድ ከብቸኛ ንጉሥ ይሻላል!»

እኔ እስከ ጆሮዬ ቀላሁ። ዶክተር አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ባሕሩን ማድነቅ ጀመሩ። ባሕሩ ካለፈን ቆይቷል።

ጠዋት 2፡10፣ ቫካቪል

ነዳጅ ቀዳን። ጋሎኑ አምስት ዶላር አልፏል፣ አበራ ቁጥሩን እያየ ያማትባል። የቋንጣ ፍርፍሩን ሳንዱች ከፎይል አውጥቼ አደልኩ፤ ዶክተር ክራቫታቸውን ወደ ትከሻቸው ገልብጠው በሉ። መንገድ ስንጀምር የአበራ ስልክ በመኪናው ስፒከር ጮኸ። ልጄ ሊያ ናት። የኔን ስልክ ሳላነሳ ቀርቼ ነው።

«አንክል አበራ! ሃዝ ሺ ሴድ የስ የት?»

«እሺ አለችው ወይ?» ማለቷ ነው። አበራ ስልኩን ለመዝጋት የነካው ቁልፍ ድምፁን ጨመረው።

«ሄሎ? አይ ላይክ ሂም! ቴል ኸር አይ ላይክ ሂም!»

የምደበቅበት ዋሻ ባገኘሁ። ዶክተር ግን ወደ ስፒከሩ ጎንበስ ብለው፣ ተማሪ እንደሚያመሰግን መምህር፣ «ታንክ ዩ፣ ሊያ» አሏት። ከዚያ የተሰማው ጩኸት እስከ ሳክራሜንቶ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እኔም ሳቄ መጣ፣ አልቆም አለኝ፣ እንባዬን በናፕኪን እየጠረግኩ ሳቅሁ።

ረፋድ 4፡15፣ ተራራው ላይ

ሜዳው አልቆ ዳገቱ መጣ። ጥድ፣ ቋጥኝ፣ ጥድ። በሰኔ ሙቀት አናቱ ላይ የበረዶ ቁራጭ ተጣብቆ ይታያል። ጆሮዬ ይደፈናል፣ ይከፈታል፣ ከባድ መኪኖች ወገባቸውን ይዘው ያቃስታሉ። አበራ የራሱን ስትራቴጂ ያብራራልናል።

«እኔ በቀልቤ ነው። ካርታው ራሱ ያዘኝ ይለኛል።»

«አምና ምን አለህ?» አልኩት።

«አምና ዋሸኝ።»

«እርስዎስ ዶክተር?» አልኳቸው። «አምስቱን መስመር ነው የሚጫወቱት?»

ትንሽ አሰቡ። «አራቱን።»

«የቱን ይተዋሉ?»

«ንጉሥ አልጥልም።»

«ምን ማለትዎ ነው? አሁን አይደል እንዴ ይጣላል ያሉኝ?»

«ይጣላል። ሒሳቡ ያንን ይላል። እኔ ግን አልጥልም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ተማሪ ሳለን አንድ ንጉሥ ለመጣል ስንጮህ ጉሮሯችን ደማ። ጣልናቸው። በምትካቸው የመጣውን ካርታ አየነው። ሁለተኛ አይለምደኝም።»

አበራ በሳቅ መስመሩን ሊስት ነበር። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ፈራሁ። ልክ የሆነውን እያወቀ፣ ለሰውም እያስተማረ፣ ራሱ እምቢ የሚል ሰው! የገዛ ሒሳቡን ያልሰማ እኔን ሊሰማ? በልቤ «እምቢ» የሚለውን ቃል በትህትና መለማመድ ጀመርኩ።

ቀን 5፡20፣ ሬኖ

ካዚኖው ውስጥ ሰዓት የለም፣ መስኮት የለም፣ ምንጣፉ ዓይን ያጠፋል። ደወል፣ ፉጨት፣ የሲጋራና የሽቶ ሽታ። ከሌላ ክልል በአውቶቡስ የመጡ አሮጊቶች ወንበራቸውን በቦርሳ ይዘዋል። ዶክተር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከማሽን ማሽን እየዞሩ የክፍያውን ሠንጠረዥ ያነባሉ፣ ፈተና እንደሚያርሙ ሁሉ።

«ይህ ለፉል ሃውስ፣ ሦስት አንድ ዓይነትና አንድ ጥንድ ሲመጣ ማለት ነው፣ ስምንት ነው የሚከፍለው። ይለፉት። ይህም ስምንት። አ፣ እነሆ! ዘጠኝ፣ አምስቱም አንድ ምልክት ለሚሆኑበት ለፍላሽ ደግሞ ስድስት። እዚህ ይቀመጡ።»

ወንበሬን ሳቡልኝ። ባለ ሃያ አምስት ሳንቲሙ ማሽን ነው፣ አንዱ ዙር አንድ ከሩብ። እያንዳንዳችን ስልሳ ዶላር ይዘናል፣ ካለቀ አለቀ። ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ። ያዝ፣ ጣል፣ ያዝ፣ ጣል። ሦስት ስምንት ሲመጣልኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ምሳ ሰዓት ላይ ሰባ አራት ዶላር ደርሻለሁ! የአበራ ቀልብ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ አልቆ ወንበር ላይ ተኝቷል።

ዶክተር ከጎኔ ናቸው። ኪንግ በመጣ ቁጥር ጣታቸው ከሥሩ ያለውን ሆልድ የሚል የመያዣ ቁልፍ ይጫናል። ኪንጉ ብቻውን ተቀምጦ ይቀራል፣ ገንዘቡ ይሄዳል። እኔ ከንፈሬን እነክሳለሁ።

ከሰዓት 8፡40፣ እዚያው

ዶክተር የቀራቸው ሁለት ዙር ብቻ ነው። ተጫኑት። አራት፣ ኪንግ፣ ሰባት፣ አራት፣ ዘጠኝ። ሁለት አራት ቁጭ ብለዋል። ጣታቸው ወደ ኪንጉ ሄደ።

«ዶክተር፣ ጥንዱን ይያዙ» አልኩ በቀስታ።

«እሱን ይተዉልኝ፣ ወይዘሮ ጽጌ።»

«ኧረ ንጉሡን ይጣሉት።»

«አልጥልም አልኩዎት እኮ።»

ጣታቸው ቁልፉን ሊነካ ሲል ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ ተነሥቼ ቆምኩና

«አንተ ሰውዬ! ጣለው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

ከወዲያ ሁለት የማላውቃቸው ሐበሾች ዞሩ። አበራ ከእንቅልፉ ባነነ። እኔ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ፣ ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸውን፣ ክራቫት ያሰሩትን፣ ዶክተሩን፣ አንተ! ሰውዬ!

እሳቸው ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። ከዚያ ጣታቸውን ከኪንጉ ላይ አነሡ፣ ሁለቱን አራቶች ያዙ፣ ንጉሡን ጣሉት።

የመጡት ሦስት ካርታዎች ባለ ሁለት፣ ጃክና ሌላ ኪንግ ናቸው።

ገባችሁ? የመጀመሪያውን ኪንግ ይዘው ቢሆን ሁለት ኪንግ፣ ገንዘባቸው ይመለስ ነበር። እኔን ሰምተው ባዶ ቀሩ። መሬት ብትውጠኝ ተመኘሁ። ሟቹ ባሌ ቢሆን ይህችን ኪንግ እስከ ዕለተ ሞቴ ቁርስ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ እንግዳ ፊት ያነሣት ነበር።

እሳቸው ግን ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ እስኪወርድ ሳቁ።

«ልክ ነሽ» አሉኝ። «መበላታችን ሌላ፣ ልክ መሆንሽ ሌላ። ነገም ቢመጣ እጥለዋለሁ።»

ነሽ! ሰማችሁ፣ ነሽ! ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። ከዚህ መስመር ጀምሮ «አሉ፣ ሄዱ፣ ሳቁ» እያልኩ መጻፍ ስለማይሆንልኝ ይቅር በሉኝ። የቀረችውን አንዷን ዙር ተጫወተና ተነሣ። ተሸነፈ፣ ደስ ብሎት።

ከሰዓት 10፡30፣ ቁልቁለቱ

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ። አንተ ልበለው? አፈርኩ። እርስዎ ልበል? ምላሴ አልመለስ አለ። ስለዚህ ማንንም ሳልጠራ ማውራት ጀመርኩ።

«መስኮቱ ይዘጋ ይሆን? ውሃ ይፈለጋል?»

«ማንን ነው የምታናግሪው?» አለ አበራ። «መስኮቱን ነው?»

ይልማ ወደ ፊት እያየ ፈገግ አለ። «ውሃ ይፈለጋል» አለ፣ እጁንም ወደ ኋላ ዘረጋ። ጠርሙሱን ስሰጠው ጣቶቻችን ተነካኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ የተራራ መንገድ የሚያዞረኝ መስሎኝ አያውቅም ነበር። ሳክራሜንቶ ላይ መኪና ለመኪና ተያይዘን ቆምን፣ አርባ ደቂቃ፣ ሙቀቱ ልብ ያጠፋል። አበራ ሲራገም እኔ ከኋላ ሆኜ የይልማን ማጅራት እያየሁ ለብቻዬ እስቃለሁ።

ምሽት 2፡00፣ ኦክላንድ

ፀሐይዋ ገና ልትጠልቅ ነው፣ የሐይቁ ዳር በሯጮችና በውሾች ሞልቷል። አበራ ሕንፃው ፊት ፓርክ አደረገ። ይልማ ወረደ፣ ክራቫቱን አስተካከለ፣ የጃኬቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ዞሮ መጥቶ መስኮቴ ጋ ቆመ። ፊቱ ኮስተር ብሏል።

ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት በስልክ ያቀረብኩልዎትን ጥያቄ በተመለከተ፣ እርስዎ አስበውበት ከሆነ...»

መስኮቱን እስከ ታች አወረድኩት።

«ስማ» አልኩት። «ሁለተኛ እርስዎ ካልከኝ አላገባህም።»