ቃሬዛው የፈረሰበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤታችን የክርክር ውድድር ነበር፤ ዳኛ ያደረጉት እኔን ነው። ርዕሱ «በአዲስ አበባ አውቶቡስና ብስክሌት የቤት መኪናን ሊተኩ ይችላሉ?» የሚል ነበር። «ይችላሉ» ባዮቹ ጎበዞች ነበሩ፤ ስለ ጭስ፣ ስለ መንገድ መጨናነቅ፣ ስለ ጤና እየተነተኑ አዳራሹን አስጨበጨቡ። ከተቃራኒው ወገን አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «እናቴ ኩላሊቷን ታማለች። ሐኪም ቤት የምትደርሰው በአባቴ መኪና ነው። መኪናውን ብንተው በምን ትሄዳለች?» አለች። ከኋላ አንዱ «በብስክሌት!» ብሎ ጮኸና ሳቅ ሆነ። እኔ ግን አልሳቅሁም። የመንዝ ጭቃ ትዝ አለኝ።

መምህር ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት መንዝ ውስጥ፣ ከዘመሮ ከተማ ራቅ ባለች የገጠር ቀበሌ ነበር። መኪና ሳይገባ በፊት እዚያ የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በሰው ትከሻ ነው። ነገሩ እንዲያው በደግነት ብቻ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ፤ ሥርዓት ነበረው። የቃሬዛ ማኅበር ይባላል። ሁለት ረጃጅም የጥድ እንጨቶች በጠፍር ተጠላልፈው ቤተ ክርስቲያኑ ደጀሰላም ይቀመጣሉ። ጥሩንባ ሲነፋ ከየቤቱ አንድ ወንድ እርሻውን አቁሞ ይመጣል፤ አራቱ ሲሸከሙ ሌሎቹ ከጎን እየተከተሉ ይቀባበላሉ፤ ታማሚው መሬት ሳይነካ ይደርሳል። የቀረ ሰው ለማኅበሩ ጠላ ይጠምቃል፤ ስድቡ ግን ከጠላው ይብስበታል።

የማኅበሩ መሪ፣ ወይም በእነሱ አጠራር ሙሴው፣ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ጋሼ ደምሴ ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ጠዋት ጠዋት በሶ በጥብጠው ይሰጡኝና «ጠጣ እንጂ፣ ንፋስ ይዞህ ቢሄድ ለመንግሥት ምን ብዬ እመልሳለሁ?» ይሉኝ ነበር።

በሄድኩ በዓመቱ ቀበሌው በልማት ሥራ ያስቆፈረው ጥርጊያ መንገድ አለቀና ቅጥቅጥ አውቶቡስ መምጣት ጀመረ። ሴቶች እልል አሉ። እኔም ደብረ ብርሃን ሄጄ ብስክሌት ገዛሁ፤ ስለ ሰንሰለቱና ስለ ጥርሱ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ማስረዳት ሥራዬ ሆነ። ዳገቱ ሲበረታብኝ ተሸክሜው ሲያዩኝ፣ «መምህር፣ ዛሬስ ማን ማንን ጋለበ?» ይሉኛል።

ከፋሲካ በኋላ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ጋሼ ደምሴ ተነሡና፣ «እንግዲህ ትከሻችን ይረፍ። መኪና መጥቶልን ሰው በሰው ጫንቃ መሄዱ ነውር ነው» አሉ። አንድ ሽማግሌ «መኪናው እኮ የኛ አይደለም» ቢሉ፣ «እርስዎ ደግሞ ሸክም ናፈቀዎት!» ተብለው ተሳቀባቸው። ጥዱ ጥሩ እንጨት ነበርና የጋሼ ደምሴ በረት መዝጊያ ሆነ። ጠፍሩን ቆራርጠው ለቀንበር ማሰሪያ ተካፈሉት። ጥሩንባው ከዚያ ወዲህ የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ ሆነ።

ሐምሌ ገባ። በመንዝ ሐምሌ ማለት ጉሙ ከጓሳ ተራራ በኩል ወርዶ ደጁን የሚዘጋበት፣ ልብስ የማይደርቅበት፣ ጥቁሩ አፈር ጫማ ከእግር የሚያወልቅበት ወር ነው። አውቶቡሱ መጀመሪያ እያሠለሰ መጣ፤ በኋላ መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ሲሞላ ጭራሽ ቀረ።

አንድ ጠዋት እትዬ አስካለ ሆዳቸው ተነፍቶ ሲጮኹ አገኘኋቸው። አንጀት ሲታጠፍ እንዲያ እንደሚያደርግ የተረዳሁት ኋላ ነው። በቅሎ ላይ ሊያስቀምጧቸው ሞከሩ፤ መቀመጥ አልቻሉም። ጋሼ ደምሴ ሮጠው ጥሩንባውን ነፉ። ድሮ ቢሆን ግቢው ወዲያው በጎረምሳ ይሞላ ነበር። አሁን ግን የሰማው ሁሉ ሰው የሞተ መሰለው፤ የልቅሶ ልብሱን ለብሶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ቀስ እያለ መጣ። እትዬ አስካለ ከተኙበት መደብ ላይ አዩዋቸውና፣ «ኧረ ገና ነኝ!» አሉ።

እነሱ በተገኘው ነገር ተሸክመው እንዲከተሉኝ ተነጋገርንና፣ እኔ ብስክሌቴን ይዤ ወደ ዘመሮ ወጣሁ። ጥቂቱን ጋልቤ ብዙውን ተሸክሜ ደረስኩ። የአውቶቡሱን ሾፌር ለመንኩት። «እስከ ወንዙ እመጣለሁ፤ ከዚያ ማዶ ግን እንኳን መኪና ሰይጣንም አይሻገርም» አለኝ። ቃሉንም ጠበቀ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ማዶ ማንም አልነበረም። ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። እኔ እግረኛ በሚሻገርበት የእንጨት ድልድይ ተሻግሬ ጠበቅሁ። ብዙ ቆይተው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። እትዬ አስካለን ያመጧቸው በገዛ አልጋቸው ነበር፤ አልጋው ሰፊ፣ እግሩ ከተሸካሚው ጉልበት ጋር የሚጋጭ፣ በጭቃው ላይ አራቱንም የሚያንገዳግድ። መንገድ ላይ ደጋግመው አሳርፈዋቸዋል።

ጋሼ ደምሴ ከፊት ይዘው ነበር። አውቶቡሱን ሲያዩ አንገታቸውን መለስ አድርገው፣

«አስካለ፣ መኪናው ይኸው» አሉ።

እትዬ አስካለ አልመለሱም።

«ይኸው እኮ፣ ሞተሩ ይሰማል።»

ከኋላ ከያዙት አንዱ ቀስ ብሎ ነጠላውን ፊታቸው ላይ ሳበው።

ቃሬዛው በመስከረም እንደገና ተሠራ። ጋሼ ደምሴ ጥዱን ከበረታቸው ራሳቸው ነቅለው አመጡ፤ ሙሴነቱን ግን ቢለመኑም እንቢ አሉ። አውቶቡሱም በጋ ሲሆን ተመለሰ፤ ሰውም ተሳፈረበት። መንገዱን የረገመ ሰው አልሰማሁም፤ ይጠቅም ነበርና።

የባለፈው ሳምንቱን ክርክር «ይችላሉ» ላለው ወገን ፈረድኩ። ከልቤ ነው። እኔ ራሴ በአውቶቡስ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ይህ ከተማ በመኪና ታንቆ እንደማይዘልቅም በየቀኑ አያለሁ። ሰው ሲበተን ልጅቷ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«ቲቸር፣ የኔ ጥያቄ ስሕተት ነበር?»

«አልነበረም። የመለሰልሽ ሰው ነው የጠፋው።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«አውቶቡሱ መጀመሪያ ደጃችሁ ድረስ አንድ ክረምት ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳይቀር ይመላለስ። አባትሽ መኪናውን የሚሸጡት ከዚያ በኋላ ነው።»

ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች።