የሃያ ሁለት ዓመቱ ሽማግሌ

እኛ ሚስጥር ጠባቂዎች ነበርን። የዩኒቨርሲቲያችንን የበጎ ፈቃድ ሥልጠና ስንጨርስ «የምትመጣው ሴት ማንነት እስከ መቃብር» ብለን ቀኝ እጃችንን አንሥተን ምለናል። ከዚያ ወልቂጤ መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ክፍል ተሰጠችንና ከበሯ የሚሰፋ ባነር ሰቀልንባት፦ «ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክርና የሥነ ልቦና ድጋፍ»። ሳምንት ሳይሞላ የባጃጅ ሾፌሮች ለቦታው ስም አወጡለት። «ተደብዳቢዎች ጋ ወራጅ አለ?» ይሉ ነበር። ማን ወንድ ይወርዳል! እኔ ራሴ ጉብሬ ካለው ግቢያችን ስመጣ አልፌ እየወረድኩ በእግሬ እመለስ ነበር።

ባነሩን እናውርደው ብዬ ለምኛለሁ። የክበባችን ፕሬዚዳንት፣ የሕግ አምስተኛ ዓመት ተማሪ፣ «ዝምታን የምንሰብረው በግልጽነት ነው» አለኝ። ይህ ልጅ ሁለት ሰው ፊት ሲናገር እንኳ ማይክ የያዘ ይመስለው ነበር። ቲሸርታችን ደረት ላይ «ዝምታ ይብቃ» ያስጻፈውም እሱ ነው። ንግግሩ ያምራል፣ አይካድም። አጨብጭበን የመረጥነውም በዚያው ነው።

የመጀመሪያዋ ሴት የመጣችው በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አዝላ ነው። «ቆጮ ትገዛላችሁ?» አለችን። ካፌ ነው የምንበላው ብለን ሸኘናት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ተመለሰች። ፕሬዚዳንቱ የሥነ ልቦና ድጋፍ ማኑዋሉን እያነበበ ስለነበር ቀና ሳይል «እግዜር ይስጥልን» አላት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የቡታጅራ ልጅ ነኝ፤ ሻጭ ሁለቴ እምቢ ያላትን ደጅ ደግማ እንደማታንኳኳ አውቃለሁ። «እስቲ ይግቡ፣ ልየው» አልኳት። ገባች፣ በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችና የግራ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ተሰብሮ ተጣሞ ገጥሟል። ለካ ያ ቆጮ እኛ የሰቀልነውን ባነር ማለፊያዋ ኖሯል።

ፕሬዚዳንቱ ወዲያው ሶፍት አቀረበላት፤ ማኑዋሉ እንደዚያ ይላል። ድምፁን አለሳልሶ «ያኔ ምን ተሰማዎት?» አላት።

«ምን ይሰማኛል ልጄ፣ ዱላው ነዋ!»

ሶፍቱን መለሰችለት። «ማልቀሱን ቤቴ ጨርሼ ነው የመጣሁ። ባሌን መፍታት እፈልጋለሁ። ቤቱ በኔ ቆጮ ንግድ የተሠራ ነው፣ ድርሻዬን እፈልጋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ሽማግሌ እንዳታስገቡብኝ። ሦስቴ አስታርቀውኛል። ‹አሁንስ ልብ ገዝቷል› ይሉኛል፣ እመለሳለሁ። ይሄ ክንዴ የተሰበረው በሦስተኛው እርቅ ማግስት ነው» አለች።

«በጭራሽ አይገባም!» አለ ፕሬዚዳንቱ፤ ደረቱንም ደቃ፣ ልክ «ዝምታ ይብቃ» የሚለው ላይ።

አንድ ገጽ የሚበቃት አቤቱታ ግን አላልቅ አለች። መግቢያ ጻፈላት። ለመግቢያው መግቢያ ጻፈለት። ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን እንደ ዘመድ አዝማድ አንድ በአንድ ጠራቸው፤ የሴትዮዋ ክንድ ብቅ የሚለው ገጽ ዘጠኝ ላይ ነው። እሷ በየገበያው ቀን እየመጣች «ደረሰ?» ትላለች፣ እሱ «እየበሰለ ነው» ይላታል። ይህን ጊዜ ባነራችን ሥራውን ሠራ። አንዲት ቆጮ ሻጭ ተደብዳቢዎች ጋ ስትመላለስ ያየ ባጃጅ ነጂ ለባልየው ነገረው። ባልየው እሷን በእጁ አልነካትም፤ ከዚያ የባሰ ብልሃት ነበረው።

ራሱ ቢመጣ ፖሊስ እንጠራ ነበር። የመጡት ግን ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። አልተቆጡም፣ አልዛቱም። ፕሬዚዳንቱ ሲገባ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉለት። «አንቱ የሕግ ሰው ነዎት፣ እኛ ያልተማርን ነን፤ እስቲ መሐላችን ይቀመጡልን» አሉት። በእናታችሁ፣ አንቱ! ካፌ ወጥ የምትጨልፍልን ሴትዮ እንኳ «ዞር በል!» የምትለውን ልጅ! በዚያው ክትፎ ቤት ይዘውት ሄዱ። ሲመለስ ከንፈሩ በቅቤ ወዝቶ «ባህላዊ የግጭት አፈታት እኮ በጣም የረቀቀ ነገር ነው» አለኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል ሰምቼ ነበር፣ ሲቆረጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«አደራ ብላህ የለም እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ስሜታዊ አትሁኚ» አለኝ። የሰው ስሜት ማዳመጥን ከማኑዋል እያነበበ ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው! በንዴት ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አልኩና ከዚያ ሁሉ ገጽ ክንዷን፣ ቤቷንና ባሏን ብቻ ለቅሜ በአንድ ገጽ ጻፍኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሐሙስ ጠዋት ፕሬዚዳንቱ «ወረቀቱ ደርሷል» ብሎ አስጠራት። ቆጮዋን አዝላ ስትገባ ሽማግሌዎቹ ወንበሮቻችን ላይ ተደርድረዋል፤ ባልየው ጥግ ላይ እንደ ሙሽራ አቀርቅሯል፤ መሐል ላይ ፕሬዚዳንታችን የተዋሰውን ጋቢ ደርቦ ተሰይሟል። ጋቢውን በግራ ትከሻው ጣል ስላደረገው ከቲሸርቱ ላይ «ይብቃ» ተሸፍኖ «ዝምታ» ብቻ ይታያል። ልስቅ ነው ልናደድ ነው፣ ለራሴም አልገባኝም።

«በሃያ ሁለት ዓመቴ ከአባቶች ጋር ለመቀመጥ በመብቃቴ ክብር ይሰማኛል» ብሎ ጀመረ። ትዳር ክቡር መሆኑን፣ ሕጉም እርቅን እንደሚያበረታታ፣ እግርና እግርም እንደሚጋጭ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ «እሰይ! እንዲህ ነው መማር!» ይሉታል። እሱም በተመረቀ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል።

ሴትዮዋ ሸክሟን ሳታወርድ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«እግርና እግር ተጋጨ፣ የተሰበረው ግን የኔ ክንድ ነው» አለች። «እኔ ልጄ፣ ደጅህ የመጣሁት ጠበቃ ፍለጋ ነው። ሽማግሌማ ቤቴ ድረስ ይመጣልኝ አልነበር?»

እኔ ቦርሳዬን አንሥቼ «እንሂድ እትዬ፣ ወረቀቱ እኔ ጋ ነው» አልኳት። ከኋላችን አንደኛው ሽማግሌ «ኧረ ይህችን ልጅ አንድ በሏት!» ሲል ሰማሁ። በሩን ስወጣ ፈርቻለሁ፣ ደግሞ ደስ ብሎኛል።

ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት የተቀመጠው ሰውዬ ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች አየና እንደ ልማዱ «ሽማግሌ አይቶታል?» አላት።

«አይቶታል» አለች። «ትልቁ ሽማግሌ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።»

ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። እሷ ቆጮዋን መሬት አስቀመጠችና እጅጌዋን ሰበሰበች። ሰውዬው ሳቁን ዋጠ፤ ማኅተሙን አነሣ።