የእማዬ ግዝት

የወጣሁ ሌሊት መኪናው ውጭ ቆሞ ጡሩምባውን ሲያጮህ እማዬ ደፉ ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም፣ አልሳመችኝም። «በቅዱስ ሚካኤል ገዝቼሻለሁ፣ ይህን ደፍ እንዳትሻገሪ» አለችኝ። «ይቺ ሴት የምትፈልገው ሠራተኛ እንጂ ዘመድ አይደለም።»

ሴትየዋ እትዬ አሰለፈች ናቸው፣ የአባቴ የአክስት ልጅ። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ በሚባል ጎዳና ላይ ምግብ ቤት አላቸው፤ መንታ ልጆቻቸውን እንድጠብቅ ቪዛ ያስወጡልኝም እሳቸው ናቸው። ከመኪናው መስኮት ሆነው «እናት ሲከፋት የምትለው ነው፤ ነይ ግቢ፣ አውሮፕላን ሰው አይጠብቅም» አሉኝ። እኔ ከልጅነቴ ዓይን አፋር ነኝ፤ ጮክ ብሎ የጠራኝን እከተላለሁ። በእማዬ ጎን ሾልኬ ወጣሁ። ከከተማችን ከፍቼ አዲስ አበባ እስክንገባ ወደ ኋላ ዞሬ አላየሁም።

አገር ቤት ላላችሁ ልንገራችሁ፤ እዚህ ሁዳዴ ሲገባ አየሩ ራሱ አያውቅም። እኛ ዘንድ ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ እዚህ ሰው በቁምጣ ይሄዳል። ሽሮውም ምስሩም ሞልቷል። አሜሪካኖቹ የጾም ምግባችንን «ቪጋን» ብለው ተሰልፈው ይበሉታል። አንዷን ሴት እንደኛ የምትጾም መስሎኝ «እንኳን አደረሰሽ» ልላት ስል፣ ክትፎ ጨምሩልኝ አለች።

ስልክ አልነበረኝም። ፓስፖርቴም እትዬ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ለእማዬ የሚደውሉልኝ እሳቸው ነበሩ፤ በረንዳ ላይ ወጥተው ያወሩና ራሳቸውን እየነቀነቁ ይመለሳሉ። «ድምፅሽን መስማት አትፈልግም። ግዝቱም እንዳለ ነው።» ትንሽ ልውጣ ካልኩ ደግሞ «ግዝት ያለበት ሰው መንገድ አያበዛም፤ መኪና ይገጨዋል» ይሉኛል። አመንኳቸው። ሚራክል ማይል የሚሉት ትልቁ ጎዳና ከቤታችን በእግር የሚደረስ ነው፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ያየሁት ከመኪና መስኮት ነው።

እሁድ እሁድ መንታዎቹን ይዤ ቤተ ክርስቲያን እከተላቸዋለሁ። በሁለተኛው ዓመት፣ ጾሙ ሊገባ ሲል፣ ቄሱ «ልጄ፣ ለምን አትቆርቢም?» አሉኝ። መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው።

«ግዝትን የሚፈታው የገዘተው አፍ ነው» አሉ። «አንቺ ከቅዳሜና እሁድ በቀር በየቀኑ አርባ አንድ ስገጂ። እናትሽ ፈትቼሻለሁ ትበል፤ ያን ጊዜ ለፋሲካ ትቆርቢያለሽ።»

«እኔ እለምንላታለሁ አባ» አሉ እትዬ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

የምንኖረው ሁለተኛ ፎቅ ነበር፣ ወለሉም እንጨት። ስግደት በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን የሕንፃው ማናጀር በሩን ደበደበ።

«ከታች ያሉት ጣሪያው ሊወርድብን ነው ይላሉ። ጂም ከፍታችኋል?»

«ዮጋ ነው» አሉት እትዬ።

«ዮጋ ድምፅ የለውም። ሚስቴ ትሠራለች።»

እኔ የማውቃትን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አወጣሁ። «ፕሬይ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እኔም እጸልያለሁ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ። እስካሁን እግዚአብሔር ቅሬታ አላቀረበም።» የማስጠንቀቂያ ወረቀት ሰጥቶን ሄደ።

«ሶ፣ ይኸው! በስግደትሽ ልታስወጪን ነው» አሉኝ እትዬ። «ፓርኪንግ ወርደሽ ስገጂ። ከዚያ በታች ያለው ሲኦል ነው፣ ማንም አይከስሽም።»

ወረድኩ። ጠዋት መንታዎቹ ሳይነሱ፣ በሁለት መኪና መካከል ካርቶን አንጥፌ እሰግድ ነበር። ግንባሬ ቤንዚን ይሸታል። የቆሰለው ጉልበቴ ሲደርቅ ቀሚሴ ይጣበቅበታል። አንድ ቀን ጋሼ ክፍሌ፣ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ ባለታክሲ፣ ፓርክ ሲያደርጉ ሊጨፈልቁኝ ትንሽ ቀራቸው።

«በስመ አብ! ከጎማ ሥር ምን ጠፍቶሽ ነው?»

«እየሰገድኩ ነው ጋሼ።»

«ለእኔ ቶዮታ? ወደ ምሥራቅ ዙሪ እንጂ!»

ይህን ይበሉ እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታቸውን ለቀውልኝ መንገድ ላይ ያቆሙ ነበር።

ስቅለት ዕለት እትዬ መንታዎቹን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔን ምግብ ቤቱን እንድጠርግ አዘዙኝ። በሩ ላይ ዞር ብለው «እናትሽ እምቢ አለች። ለከርሞ እንለምናታለን» አሉኝ። የመጨረሻዎቹን አርባ አንድ ሰግጄ ካርቶኑ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ጋሼ ክፍሌ መጡ። ሁሉን ነገርኳቸው።

«አንቺ ራስሽ ለምነሻት ታውቂያለሽ?» ብለው ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

ቁጥሯን እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ ነው የማውቀው።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ትርንጎ።»

ከወዲያ ራዲዮ ስታጠፋ ሰማሁ።

«እማዬ፣ ስግደቴን ጨርሻለሁ። ፍቺኝ።»

«ከምኑ?»

«ከግዝቱ።»

«እሱንማ በሄድሽ በሳምንቱ ፈታሁት! ቄሱን ቤቴ ድረስ ጠርቼ። ለአሰለፈችም ደውዬ ንገሪያት ብያታለሁ።»

«ድምፅሽን መስማት አትፈልግም ነው ያሉኝ።»

«ለእኔ ደግሞ ልጅሽ ስልኩን ስሰጣት እጇን ታወናጭፋለች አለችኝ። ዓመት ጠበቅሁሽ። ከዚያ ሚካኤል ደጅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፄን እንዳትሰሚ፣ ሬሳዬን እንዳታዪ ብዬ እንደገና ገዘትኩሽ።»

«አሁን እውነቱን ሰማሽ። ፍቺኝ እማዬ።»

«እሷ ዋሽታለች ትያለሽ። አንቺስ በጎኔ ሾልከሽ የሄድሽ አይደለሽም? ማንኛችሁን ልመን?» ድምፅዋ ደከመ። «ሰው ፊት ያልኩትን በስልክ አልፈታም። አሰለፈች መጥታ ሰው ፊት ትናዘዝ። እኔም አሁን በማውራቴ ቃሌን አፈረስኩ።» ስልኩ ተዘጋ።

ማታ እትዬን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምን እንደዋሹኝ ጠየቅኋቸው፤ እማዬ ያለችውንም ነገርኳቸው።

«ብነግርሽ ትቆዪ ነበር?» አሉኝ፣ የመንታዎቹን የፋሲካ ልብስ እየተኮሱ። «ማን ልጆቼን ይይዝልኝ ነበር? ፍቼ ሄጄ ልናዘዝ? ኦኬ፣ ምግብ ቤቱን ስዘጋ!»

ፋሲካ ሌሊት መንታዎቹን አቅፌ ከኋላ ቆምኩ። እትዬ ቆርበው ተመለሱ። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው በአጠገቤ አለፉ። የቆረበ ሰው አይናገርምና እኔም ምንም አልጠየቅኋቸው።

አሁን ከእትዬ ቤት ወጥቼ ኖርዝ ሆሊውድ በሚባል ሰፈር ከሦስት ሴቶች ጋር እኖራለሁ፤ ፓስፖርቴን ያስመለሱልኝ ጋሼ ክፍሌ ናቸው። የራሴ ስልክ አለኝ። በየጠዋቱ እደውላለሁ። እማዬ ታነሳለች፣ ግን ድምፄን እንዳትሰሚ ብላለችና ምንም አትልም። አትዘጋውም። እኔ ስለ ሥራዬ፣ ስለማይዘንበው ሰማይ አወራላታለሁ፤ ከወዲያ ትንፋሿንና የጎረቤት ውሻ እሰማለሁ።

ትናንት ሳል አመለጣት። ሳል ድምፅ ነው አይደለም ብዬ ቄሱን ልጠይቅ ሄጄ ነበር፤ አፍሬ ተመለስኩ።