ለባዶ ቤት የሚባል ሰላምታ

አንዲት ልጄ ለትምህርት ጃፓን ሄዳ እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች። እኔ ከሚሴ ነኝ፤ ስትወልድ ሄጄ አላረስኳትም። የልጅ ልጄን የማውቃት በስልክ ነው። አራት ዓመቷ ነው፣ አማርኛ አልለመደችም፣ ፊቴን ስታይ ሶፋው ጀርባ ትደበቃለች። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለእኔ ብላ አንዲት ቃል እንድትናገር።

እሷ ካልመጣች እኔ ልሂድ ብዬ በስልኬ ጃፓንኛ ጀመርኩ። «ኮንኒቺዋ» እንደምን ዋላችሁ ነው። «ኦገንኪ ደስ ካ» ደግሞ ደህና ነሽ ወይ። ግሱ እንደኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ «ካ» የምትባለውም እንደኛ «ወይ» ከኋላ ትከተላለች። ይኼማ የጎረቤት ቋንቋ ነው አልኩ። ጉዱ የፈላው ሰላምታው ሲያልቅ ነው። እኛ ዘንድ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ»፣ እንዴት ናችሁ የተባለ ሰው ልጁ፣ ከብቱ፣ ማሳው ሳይጠየቅ አይለቀቅም። እኔም ያችኑ «ኦገንኪ ደስ ካ» ይዤ አባቷን፣ ጎረቤቷን፣ በመጨረሻ ድመቷን ጠየቅኩ። ልጅቷ ሶፋው ጀርባ ገባች።

«እማ፣ እዚህ አንዴ ከጠየቅሽ ይበቃል» አለች ልጄ። የሚበቃውማ ለነሱ ነው። እኔ የጨርቅ ሱቄን እስክከፍት ድረስ የማናግረው ሰው የለኝም።

ቀጥሎ «ታዳይማ»ን ተማርኩ። ከውጭ የገባ ሰው «መጣሁ» ሲል ነው፤ ቤት ያለው «ኦካኤሪ» ይለዋል፣ እንኳን ተመለስክ እንደማለት። ባሌ ከሞተ ወዲህ ስገባ ለባዶው ቤት «አሰላሙ አለይኩም» እላለሁ፤ ሰው ባይኖርም ሰላም በሉ ተብለን ነው ያደግነው። አሁን «ታዳይማ» ጨመርኩበት። ሰላምታውንስ መላኢካ ይመልሰዋል፤ ለታዳይማው ግን መላሽ የለም። ያኔ ብቸኝነቱ አንገበገበኝ።

አንድ እሁድ ረፋድ ሽንኩርት ገዝቼ ስመለስ ልጄ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን አንስቼ፣ በሩን በትከሻዬ ገፋ አድርጌ፣ እንደልማዴ ሰላም ብዬ «ታዳይማ» አልኩ።

«ኦካኤሪ» አለኝ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ሶፋው ጀርባ አልነበረችም። ፊቷን ስልኩ ላይ ለጥፋ ታየኛለች። ልጄ ከጎኗ ትስቃለች። እኔ መግባቱን ትቼ ተመልሼ ወጣሁ፣ ደግማ እንድትለኝ። በሩን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ ገባሁ።

«ታዳይማ» አልኩ።

ኔትወርኩ ተቋርጦ ኖሯል። በሩ ላይ ትንሽ ቆሜ ጠበቅኩና ሽንኩርቱን አስቀመጥኩ።