ከጣና የወጣችው ዓሣ

ዛሬ ጠዋት ቤተ ሙከራ ውስጥ ናሙና እንዳይበሰብስ የሚነከርበትን የፎርማሊን ጠርሙስ ስከፍት ሽታው ወደ ርብ ወንዝ መለሰኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ዱቄት ወንዙ ላይ በትኖ የተንሳፈፉትን ሲለቅም አንድ የዓሣ ተመራማሪ ደረሱ። አልተቆጡም። የአንዷን ሆድ ቀደው ብጫ እንቁላሏን አሳዩንና ፎርማሊን ውስጥ ነከሯት።

«እንቁላሏን ልትጥል ከጣና ወደ ወንዙ መውጣቷ ነበር። ሳይጥሉ እንዲህ ከተለቀሙ ያልቃሉ» አሉ።

«ዓሣ ደግሞ ያልቃል እንዴ፣ ጌታው?» አለ አባቴ።

«እኔና እርስዎ አናየውም። ይች ልጅዎ ግን ታየዋለች።»

አንድ ደስ የሚል ነገር የማይ መስሎኝ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

አባቴ ከዚያ ወዲያ ብርብራ አልወቀጠም። እኔም አድጌ የእሳቸው ተማሪ፣ ጡረታ ሲወጡም ተተኪያቸው ሆንሁ። ትናንት ደውለው «ዘንድሮስ ዓሦቹ ወደ ርብ ወጡ?» አሉኝ። «አልወጡም» አልኋቸው።